ሁለት ጥፊ ለድልድይ፣ ሦስት ለፋብሪካ

እህቴን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። መናኸሪያው በሙሉ «መለከት» ይላታል፤ እኔ ታናሿ ስለሆንኩ «እትዬ» እላታለሁ። እሷ ደግሞ እኔን «ፍሬን የለሽ» ትለኛለች። ኧረ ለአውቶቡስ ሹፌር እንዲህ ዓይነት ስም አይወጣም፣ ተሳፋሪ ቢሰማ ምን ይለኛል ብዬ ስንቴ ለምኛታለሁ! «ስለ መኪናው መች አወራሁ፣ ስለ አፍህ ነው እንጂ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ቶሎ ይነደኛል። ይህንን ስተርክላችሁም መሃል ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ እንዳትቀየሙኝ።

የእትዬ ሥራ መጣራት ነው። ከመናኸሪያችን ሁለት መስመር ይወጣል፤ አንዱ ቅርብ ነው፣ ወደ ድልድዩ፤ ሌላው ሩቅ ነው፣ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካው። ሁለት አውቶቡስ ጎን ለጎን ይቆማል፣ እሷ መሃል ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ በኋላ ጆሮህን ያዝ ነው። «ድልድይ ድልድይ ድልድይ! ፋብሪካ አንድ ሰው! አባባ ይግቡ፣ ወንበር አለ! አንተ ልጅ ሻንጣህን ከሰው እግር ላይ አንሳ!» የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚሄድ የምትወስነው እሷ ናት፣ ሰው የበዛበትን መስመር አይታ። ሹፌር አይጠየቅም። ሹፌር መሪውን ጨብጦ ይቀመጣል። ሲሞላ በሩን ትዘጋና የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ ታጮለዋለች። ሁለት ከሆነ ድልድይ፣ ሦስት ከሆነ ፋብሪካ። በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መሃል ሰው ምን እንዳለ መስማት ዘበት ነው፤ የእትዬ ጥፊ ግን በቆርቆሮው አልፎ፣ በወንበሩ አልፎ፣ ጀርባዬ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሲሰማኝ አደባባዩ ላይ ወደ ግራ፣ ሦስት ሲሰማኝ ወደ ቀኝ። ዘመኔን ሁሉ የነዳሁት እንደዚህ ነው።

እናታችን ስታርፍ እኔ ገና ፊደል ያልቆጠርኩ ልጅ ነበርኩ። እትዬ ያኔ መናኸሪያው በር ላይ የታሸገ ውሃ ትሸጥ ነበር። አንድ ክረምት የመናኸሪያው ጠሪ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ሲዘጋ፣ ተሳፋሪው የት እንደሚገባ ጠፍቶት ሲተራመስ፣ እሷ የውሃ ሳጥኗ ላይ ወጥታ መጣራት ጀመረች። ሰውየው ከጉንፋኑ ሲድን ሥራው አልነበረም። «ሴት ልጅ እንዲህ ትጮሃለች እንዴ?» ያላት አንድ ሹፌር ነበር አሉ። «ለአንተ በነፃ ነው» ብላ ጆሮው ሥር ጮኸችበት። እኔን ያበላችኝ ያ ድምፅ ነው፤ ደብተር የገዛልኝ ያ ድምፅ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ፈተናውን እንዳለፍኩ ከተማውን ያሰማልኝም እሱ ነው፣ እኔ አፍሬ መሬት ልገባ ስል።

ታዲያ መታመሟን ማን ይወቅ? በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ደከመኝ አለች። እትዬ ደከመኝ ስትል ሰምቼ ስለማላውቅ የምትቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ውሃ ውሃ አላት፤ ጠርሙሷ ከእጇ አይለይም፣ ጠጥታ ጠጥታ አትረካም። «አጥንቴን» ትላለች፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች። ይባስ ብሎ ዝም ማለት ጀመረች። ቤት ስትመጣ ከልጆቼ ጋር ሳትጣላ ራት የማትበላ ሴት፣ ግድግዳውን እያየች ትቀመጣለች። አንድ ቀን ምን ሆነሽ ነው ብላት እንባዋ መጣ። «ምንም አልሆንኩም፣ ዝም ብሎ ሆድ ይብሰኛል» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አጥንት ከተባለ መድኃኒቱ ወተት ነው ያላለ የለም። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ወተት አፍልታ ትልካለች። ጎሚስታው ጎማ መለጠፉን ትቶ በኩባያ ይዞላት ይመጣል። ትኬት ቆራጯ በመስኮቷ ታቀብላታለች። እኔም አልቀረሁ፣ ከመኪናው ሳልወርድ «ጠጣሽ?» እያልኩ እጮሃለሁ። «ጥጃ አደረጋችሁኝ እኮ!» እያለች ትጠጣዋለች። የቀልዷ መጨረሻ እሱ ነበር።

ያን ሰኞ አልረሳውም። አውቶቡሴ ጢም ብሎ ሞላ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሦስት ጥፊ ጀርባዬን መታኝ። ሦስት ነው አልኩና አደባባዩ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ጉድ ፈላ! «ሹፌር! የት ነው የምትወስደን?» «ወደ ፋብሪካ ነዋ!» «ድልድይ ነው የተባልነው!» አንዲት ሴትዮ «ታገትን!» ብላ ስልኳን አወጣች። አንዱ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ሰክሯል፣ ሰክሯል ይላል። በጠዋቱ! እኔም ፍሬኔ ተበጠሰ። «ሦስት ነው የተመታው! ሦስት!» እያልኩ እጮሃለሁ። «ምኑ ነው ሦስት?» ይሉኛል። ለካ ከእኛ በቀር ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው የለም። ላብ በላብ ሆኜ አዙሬ መለስኳቸው።

እትዬን ልክ ልኳን ልነግራት እየተንደረደርኩ ወረድኩ። «ስንት ነው የመታሽው?» «ሁለት» አለችኝ። «ሦስት ነው የመታሽው፣ እትዬ!» ደህና ሰው ብትሆን ኖሮ እዚያው ታዋርደኝ ነበር። ዓይኖቿን ሳይ ግን የምትከራከረኝ ሰው አልሆነችም፤ የምትጠይቀኝ ሆነች። «ሁለት አልነበረም?» አለች ቀስ ብላ። ተራ ነገር ነው፣ ይደርሳል ብዬ አለፍኩት።

አልፎ አልቀረም። በዚያው ሳምንት ሌላውን ሹፌር እንዲሁ አሳሳተችው፤ በሌላው ሳምንት ደግሞ እኔን። ከዚያ ወዲህ አንድ አመል አወጣሁ፤ ከበሩ ከወጣሁ በኋላ፣ እሷ በማታየኝ ቦታ፣ አንገቴን አዙሬ «ድልድይ ናችሁ አይደል?» ብዬ ተሳፋሪውን እጠይቃለሁ። ብታውቅ ቅስሟ ይሰበራል ብዬ እየተሳቀቅኩ።

የመናኸሪያው አለቃ ክፉ ሰው አይደለም። ተሳፋሪ ሲያማርርበት ግን የድምፅ ማጉያ ገዝቶ ምሰሶ ላይ ሰቀለ። የራሱን ድምፅ ቀድቶ ገጠመበት፤ ሰውየው ደግሞ ሲናገር በአፍንጫው ነው። «ድልድይ… ፋብሪካ… ድልድይ… ፋብሪካ…» ሲል ይውላል፣ አውቶቡስ ኖረ አልኖረ። «አትቀየሚኝ መለከት፣ ትንሽ ዕረፊ» አላት። እሷም ሄዳ ትኬት ቢሮው ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በማግስቱም መጥታ ተቀመጠች። ማጉያው ይጣራል፣ እሷ ታዳምጣለች።

በሦስተኛው ቀን ግን አላስቻላትም። አውቶቡሴ ሞልቶ፣ ማጉያው ደግሞ እጅ የለው፣ ሂድ የሚለኝ አጥቼ ስቁለጨለጭ በመስታወቱ አየኋት፤ ከአግዳሚው ተነስታ እየተንገዳገደች መጣች። ንዴቷ ከሩቅ ያስታውቃል። ባላት ኃይል ጎኑን መታችው። አንድ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ወርጄ ሳይ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀኝ አንጓዋን ይዛለች። ለዚያን ያህል ዘመን ቆርቆሮ ሲመታ የኖረ እጅ በአንድ ጥፊ ተሰበረ።

ሆስፒታል ራጅ ተነሳች፣ ጀሶ ታሰረላት። የአጥንት ሐኪሙ ግን ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ደጋግሞ አየው። «ይህ አጥንት ሳስቷል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ አይሳሳም» አለና ደም አስመረመራት። የደሟ ካልሲየም ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። እኔማ ደስ አለኝ! ካልሲየም ከበዛ ጥሩ አይደለም እንዴ? ወተቱ ሠራ አልኩ በልቤ። ወደ አንገት ቀዶ ሐኪም ላኩን።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ነው የምታወራው። እትዬን «እናቴ» እያለች ሁሉንም አስረዳችን። አንገት ውስጥ፣ እንቅርት ከሚያብጥበት ዕጢ ጀርባ፣ ምስር የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች አሉ። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። ሥራቸው ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መቆጣጠር ነው፤ ሲያንስ ከአጥንት ያስመጣሉ፣ ሲበቃ ያቆማሉ። የእትዬ አንዷ ዕጢ አብጣ ማቆም እምቢ ብላለች። ከአጥንቷ እየመዘዘች ደሟን ትሞላለች። ድካሙም፣ ጥማቱም፣ መርሳቱም፣ ሆድ መባሱም ከዚያ የመጣ ነው።

«ሞልቷል ሲሏት የማትሰማ ጠሪ ናት በይኛ» አለች እትዬ። ስንት ወር ቆይታ የተናገረችው የመጀመሪያ ቀልድ ነበር።

«ወተቱስ?» አልኩ እኔ።

«ወተቱ አላሳመማትም፣ አያድናትምም» አለች ሐኪሟ። «የሚያድናት ያበጠችዋን ማውጣት ነው። ሦስቱ ይበቋታል።»

እኔ ዛሬውኑ ይውጣላት ልል አፌን ስከፍት፣ ሐኪሟ ቀጠለች። በዚያች ዕጢ አጠገብ የድምፅ ነርቭ ያልፋል። ተጠንቅቀው ነው የሚሠሩት፣ ጉዳት የሚደርሰው ከብዙ ሰው በጥቂቱ ነው፤ ግን ሳይነግሩ ማለፍ አይቻልም። ድምፅ ሊጎረንን፣ ሊዳከም ይችላል።

እትዬ ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች፣ ተነሳች። «በይ ደህና ዋይ፣ ልጄ» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። አበድኩ! ሰው ዞር ብሎ እስኪያየን ጮህኩ። «አጥንትሽ እያለቀ ስለ ጩኸት ታወሪያለሽ? እኔ እጣራልሻለሁ! ቁጭ በይና እኔ ላብላሽ!»

«አንተን በምን ያሳደግኩህ ይመስልሃል?» አለች። «እጄ ተሰበረ። ጭንቅላቴ ከዳኝ። የቀረኝ ይህ ጉሮሮ ነው። እሱንም ወስደውት ስነቃ ማን ልባል ነው?» ደህናውን ክንዷን ይዤ አውቶቡስ ውስጥ አስገባኋት።

ብዙ ቀን ቤቷ ተመላለስኩ። አልለመንኳትም፤ ብለምናት ይብሳል። አንድ ምሽት ራሷ ጀመረችው። «ያን ሰኞ ሁለት እንደመታሁ እስከዛሬ እርግጠኛ ነኝ» አለችኝ። «ሰው ይሳሳታል፣ እሱ ምንም አይደል። እኔን ያስፈራኝ እርግጠኛ መሆኔ ነው።» ጀሶዋን በሌላው እጇ እየደባበሰች ቆየች። «የት ብዬ እንደምጣራ ካላወቅኩ ጉሮሮው ምን ይሠራልኛል? በል ውሰደኝ፣ ይቅደዱኝ።»

ያስገቧት ቀን ኮሪደሩን ስመላለስበት የጽዳት ሠራተኛዋ «አባቴ፣ ይቀመጡ፣ ወለሉ አልደረቀም» እስክትለኝ ድረስ አለሰለስኩት። ሐኪሟ ወጥታ መጀመሪያ «በሰላም ተጠናቋል» አለችኝ፣ ቀጥላ ያወጣቻትን ነገር አሳየችኝ። ባቄላ ታክላለች። በቃ፣ ባቄላ! እህቴን ያስለቀሰች፣ አጥንቷን የሰበረች፣ እኔን በሰው ፊት አጋች ያስባለች ይህች ናት? አፌ ላይ የመጣውን ስድብ እዚህ አልደግመውም።

እትዬ ስትነቃ አንገቷ ላይ ትንሽ ፋሻ አለ፤ ጌጥ የሚውልበት ቦታ ላይ። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ «እናቴ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አለቻት። እትዬ አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ነው። በሥጋት የተከፈተ በር ሲንሿከክ የሚሰማ ዓይነት ነገር። እኔን አየችኝ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

«አይደንግጡ» አለች ሐኪሟ፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም። «ነርቩን በዓይናችን አይተነዋል፣ አልተነካም። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ለመተንፈሻ የገባው ቱቦም ጉሮሮ ያቆስላል፣ እብጠትም አለ። ይመለሳል። ትንሽ ጊዜ ይስጡት።»

በማግስቱ ደግሞ ከንፈሯንና የጣቶቿን ጫፍ ውርር አደረጋት። ነርሷን ጠራሁ፣ እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ኮሪደሩን እየሮጥኩ። ሐኪሟ መጥታ ይጠበቃል አለች። ካልሲየሙ ከደሟ ወርዷል፤ ተርበው የኖሩ አጥንቶቿ አሁን እየተሻሙት ነው። ክኒን አዘዘችላት። ከዚያም፣ በእናታችሁ ስሙኝ፣ «ወተትም በደንብ ይጠጡ» አለቻት።

እትዬ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በደህናው እጇ የአልጋውን ብረት መታችው፤ ሦስት ጊዜ። ፋብሪካ ማለት ነው፤ ራቅ ብለህ ጥፋ። እየሳቅኩ ወጣሁና በሩን ስዘጋ ማልቀሴ ታወቀኝ።

ቤት ከገባች በኋላ በየቀኑ የሆነ ነገሯ ይመለስ ነበር። የውሃ ጠርሙሷ እንደሞላ ይውላል። ሌሊቱን ትተኛለች። ልጄ ፈተናው መቼ እንደሆነ እኔ አባቱ ረስቼው እሷ ታስታውሰኛለች። ግድግዳ ማየት ቀረ፤ በመስኮት የጎረቤት ጠብ ማየት ተጀመረ። የምትናገረው ግን በሹክሹክታ ነው፤ ሲሰለቻት በጥፊ። ጠረጴዛውን ሁለት መታች ማለት ቅረብ፣ ሦስት መታች ማለት ሂድልኝ። ልጆቼ ሁሉ ለመዱት። ሐኪሟ በቀጭን ካሜራ ጉሮሮዋን አይታ «ነርቩ ይሠራል፣ እናቴ፣ ይጠቀሙበት» አለቻት። እትዬ ራሷን ነቀነቀች፣ በሹክሹክታም አመሰገነቻት።

አልተጠቀመችበትም። ጀሶው ተፈታ፣ እጇ ጠና፣ ጉንጯ ሞላ፣ እሷ አሁንም ትሾከሹካለች። ለባለቤቴ «ገና ነው፣ አልዳነም» ትላታለች። ገባኝ። ሞክራ ካልወጣላት ነገሩ ያበቃል፤ ካልሞከረች ግን ድምፁ ውስጧ አለ ብላ ትኖራለች። ይህን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምን ብዬ እንደምነግራት ግን አላውቅም። እኔ ቶሎ ከመናደድ በቀር ምን አውቃለሁ?

አለቃው «ማጉያው ይጣራ፣ አንቺ በር ዝጊልን» ብሎ ላከባት። በዚያ ብትቀበል ይገርመኛል ስል ተቀበለች። የመጀመሪያ ቀኗ ጠዋት መናኸሪያው ተገልብጦ ወጣ። ጎሚስታው ወተት ይዞ መጣ። ማጉያው በአፍንጫው «ድልድይ… ፋብሪካ…» ይላል። እትዬ መሃል ላይ ቆማ በእጇ ታመላክታለች፣ ሽማግሌ ደግፋ ታስገባለች፣ አፏ ግን ዝግ ነው። አዲስ ተሳፋሪዎች ዲዳ መስላቸው በምልክት ይጠይቋታል።

አውቶቡሴ ሞላ። በሩ ተዘጋ። ጥፊው መጣ፤ አንድ፣ ሁለት። በቆርቆሮው አልፎ፣ በወንበሩ አልፎ፣ ጀርባዬ ውስጥ ገባ። እጇ ድኗል! ከደስታዬ ብዛት አመሌ ቀደመኝ፤ ገና ከቦታዬ ሳልነቃነቅ፣ በሩ አጠገብ ቆማ እያየችኝ፣ አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ «ድልድይ ናችሁ አይደል?» አልኳቸው።

ወዲያው ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። በመስታወቱ አየኋት። ፊቷ ተለዋወጠ። አፏ ተከፈተ።

«አንተ ፍሬን የለሽ! ሁለት መታሁ እኮ! ሁለት! መቁጠር ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም?»

በስመአብ! መስታወቱ ነዘረ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተሰነጠቀ፣ «ሁለት» ስትል ጠራ፣ «መቁጠር» ላይ ስትደርስ የድሮው ነበር። ርግቦቹ ከጣሪያው ተነሱ። ትኬት ቆራጯ በመስኮቷ እስከ ወገቧ ወጣች። እትዬም ራሷ ደንግጣ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀና ብላ ምሰሶው ላይ ያለውን ማጉያ አየችው። «አንተም ዝጋ!» አለችው። አለቃው ሮጦ ሄዶ ገመዱን ነቀለው።

«ፋብሪካ ፋብሪካ ፋብሪካ! አንድ ሰው! እማማ፣ በዚህ በኩል!»

ሄድኩ። አደባባዩ ላይ ደርሼ ወደ ግራ ታጠፍኩ፣ ማንንም አልጠየቅኩም። መንገዱ ግን ብዥ አለብኝ፤ በእጅጌዬ ዓይኔን እየጠረግኩ እነዳለሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አሉኝ።

«እህቴ ሰደበችኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ውይ፣ በጠዋቱ! አይዞህ፣ ይበርድላታል» አሉኝ።

«አይብረድላት፣ እማማ» አልኩና እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ ድልድዩ ላይ አደረስኳቸው። ሁሉም እዚያ ወረዱ።